ሊማሊሞን የማያውቅ ሾፌር

ለመሆኑ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ምን ማወቅ አለበት? ጥያቄው ለእኛ ለከተሜዎቹ ቀላል ይመስላል። መሪ መያዝ፣ ማርሽ መቀየር፣ የመንገድ ዳር ምልክት ማንበብ፣ ጠጥቶ አለመንዳት፤ አለቀ። መንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትም ቢሆን የሚፈትነው ከሞላ ጎደል ይህንኑ ነው። የመኪናው ባለንብረት ሾፌር ሊቀጥር ሲነሳ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። «መስመሩን ያውቀዋል?» ይላል።

መስመር ማወቅ ማለት ከተሞቹን በተርታ መጥራት ብቻ አይደለም። ዳገቱ የት ይጀምራል፣ ቁልቁለቱ የት ያበቃል፣ የትኛው ወንዝ በክረምት ይሞላል፣ የትኛው ገደል ናዳ ይለቃል፣ ጉም በስንት ሰዓት ይወርዳል፣ ጎሚስታ የት ይገኛል፣ የት ማደር ይቻላል፣ የት ማደር አይቻልም የሚለው ሁሉ መስመር ነው። በሌላ አነጋገር መስመር ማለት ጂኦግራፊ ነው። በትምህርት ቤት ካርታ ላይ በቀለም ተነቅሶ የምናውቀው ዓይነት ሳይሆን፣ ሁለት መቶ ኩንታል በጀርባ ተሸክሞ የሚፈተኑበት ጂኦግራፊ ነው።

ይህ ዕውቀት በአገራችን ከየት መጣ? ማንስ ለማን አስተላለፈው? ለዚህ ጽሑፍ የመረጥኩት መስመር ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ ሊማሊሞን በመውረድ ተከዜ የሚደርሰውን፣ ከደባርቅም ወደ ምሥራቅ ተገንጥሎ በስሜን ተራሮች ላይ ጃናሞራ የሚዘልቀውን ነው። የመረጥኩበት ምክንያት በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ የኢትዮጵያ የመንገድ ታሪክ ከነጭንቁ ተጠቅልሎ ስለሚገኝ ነው።

በር እና ኬላ

ከመኪናው በፊት በቅሎና አህያ ነበሩ። ጎንደር የነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ወደ ምጽዋ የሚወርደው የነጋዴ መንገድ በዚሁ በሊማሊሞ ያልፍ ነበር። ወርቁ፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ እንዲሁም በዚያ ክፉ ንግድ የሚሸጠው የሰው ልጅ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ጨርቁና ሌላው የባሕር ማዶ ዕቃ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነስቶ ጎንደር ሲገባ የወጣው ይህንኑ ተራራ ሲሆን፣ በመጽሐፉም «ላማልሞን» እያለ ስለ አቀበቱ አስቸጋሪነት ጽፏል።

የሲራራ ነጋዴ አለቃ ነጋድራስ ይባላል። የነጋድራስ ሥራ ዋጋ መቁረጥና ቀረጥ መሰብሰብ ብቻ አልነበረም፤ መንገድ ማወቅም ነበር። ከብቱ የት ውሃ እንደሚጠጣ፣ ጭነት የት እንደሚራገፍ፣ የትኛው ባላባት በየትኛው ኬላ ስንት እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው ነው። «በር» የምትለዋ የአማርኛ ቃል እዚህ ላይ ልብ ትባል። የቤት መግቢያም በር ነው፤ በሁለት ተራሮች መሀል ያለው መተላለፊያም በር ነው። ጣርማ በር እንደምንለው ማለት ነው። ተራራው ራሱ መተላለፊያውን ስለሚያጠብበው ኬላ ለማቆም ሌላ አጥር አያስፈልግም። በሩን የያዘ መንገዱን ያዘ፤ መንገዱን የያዘ ደግሞ ገበያውንና ሥልጣኑን ያዘ። የስሜን መሳፍንት ጉልበት አንዱ ምንጭ ይኸው ነበር።

የስሜንና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በጃናሞራ ደረስጌ ላይ ያሠሩትን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ብዙ አንባቢ ያስታውሰዋል። በግንባታው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ረድቷቸዋል። ውቤ ሊነግሡበት ያሰናዱት ቤተ ክርስቲያን ነው ይባላል፤ ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃች ካሣ ደረስጌ ላይ ድል አድርገው፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአቡነ ሰላማ እጅ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ከጃናሞራ ተነስቶ የነገሠው ይህ ንጉሥ ደግሞ ስለ መንገድ ከቀደሙት ሁሉ የተለየ አሳብ ነበረው። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን፣ ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ ወራት የፈጀ መንገድ አስጠረገ። ድንጋይ በባሩድ እያፈረሰ፣ ራሱም እየቆፈረ ነው የሄደው። ሊወጋው የመጣው የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲቃረብ በዚያው ቴዎድሮስ በጠረገው መንገድ ተጠቀመ። በቅሎ የማትጎትተውን ከባድ ነገር በተሽከርካሪ ጎማ ገደል ማውረድና ዳገት ማውጣት ምን እንደሚጠይቅ በአገራችን አስቀድመው ካዩት መሀል እነዚያ የመድፍ ጎታቾች አሉበት። ያ መንገድ መጠረጉ ብቻ አልበቃም፤ ሽቅብ የሚስብ እንዳለ ሁሉ፣ ቁልቁል ሲሆን ወደ ኋላ ይዞ የሚያስቀር ገመድና ሰው ያስፈልግ ነበር። የዛሬ ሾፌር «ፍሬን» የሚለውን ያኔ የሰው ትከሻ ይሠራው ነበር።

መኪናው የዞረው ተራራ

በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር ጎንደርን ሲይዝ የሆነው ነገር ለመንገድ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። የስታራቼ የመኪና ጦር መጋቢት 23 ቀን ጎንደር የገባው በሊማሊሞ አይደለም። በምዕራብ በኩል በኦምሐጀር ቆላ ዞሮ ነው። ስሜንን ያቋረጠው በእግሩ የሚሄደው ወታደር ነበር። ያኔ እግረኛ የሚያልፍበት መንገድ ለመኪና አይሆንም ነበርና፣ ሞተሩ ለተራራው እጁን ሰጥቶ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ።

ከዚያ በኋላ ግን ጣሊያን ተራራውን ለቆ አልተወውም። በሺህ የሚቆጠሩ ኢጣልያውያንና የአገር ተወላጅ ሠራተኞች አሰልፎ፣ አስመራን በሽሬና በአዲ አርቃይ በኩል ከጎንደር የሚያገናኘውን መንገድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አወጣ። የሊማሊሞ ገደል ተፈልፍሎ፣ መንገዱ እንደ መቀነት እየተጠቀለለ የሚወርደው ያኔ ነው። የተሠራው ለቅኝ አገዛዝ እንጂ ለእኛ ታስቦ አለመሆኑን መናገር አያስፈልግም። ይሁንና ድንጋዩን የተሸከመው፣ ገደሉ ላይ የሞተውም በብዛት የእኛው ሰው ነበር።

የበሩ ነገር ግን አልተለወጠም። በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች በኋላ እንኳ፣ ከሊማሊሞ አናት ወልቀፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር የአስመራን መንገድ ዘግቶ ወራት ቆየ። አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ከበው አስጨንቀውት፣ የምሽጉ አዛዥ ኮሎኔል ጎኔላ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም.፣ በመስቀል ሰሞን ነው። ጎንደር ራሷ የተለቀቀችው ከዚያ በኋላ፣ ኅዳር 18 ቀን ነበር። ባላባቱ በቀረጥ ያደረገውን ጣሊያን በመትረየስ አደረገው፤ ቦታው ግን ያው ነው።

ጣሊያን ሲወጣ መንገዱን፣ ጥቂት ካሚዮኖችንና አንድ መዝገበ ቃላት ትቶልን ሄደ። የሾፌርን ቋንቋ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ባሌስትራ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ስፖንዳ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፤ የመኪናው አካል ከሞላ ጎደል ጣሊያንኛ ነው። ወደ መንገዱ ስንመጣ ደግሞ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ አፋፍ፣ ገደል፣ ገመገም፣ ተረተር፣ በር፣ ቆላ፣ ደጋ፣ ውርጭ እንላለን። የመኪናው አካል የባዕድ፣ የምድሩ አካል የአገር ቤት ስም አለው። ሞተሩን ከባዕድ፣ ገደሉን ከነጋድራሱና ከባላገሩ የተማረ ሰው ነው ሾፌራችን። ሁለቱን ያገናኘለት መጽሐፍ አልነበረም።

የሊማሊሞ ትምህርት ቤት

መጽሐፍ ባይኖርም ትምህርት ቤት ነበር። ስሙ ረዳትነት ይባላል። አንድ ወጣት ለዓመታት ጭነት እያስተካከለ፣ ሸራ እያለበሰ፣ ጎማ እየፈታ፣ ታኮ ይዞ እየዘለለ ከአንድ ሾፌር ጋር ይኖራል። ሌሊት መኪናው ሥር ይተኛል። ደሞዙ ትንሽ፣ ስድቡ ብዙ ነው። መሪ የሚይዘው ደግሞ መስመሩ በሆዱ ከገባ በኋላ ነው።

ከጦርነቱ በፊት ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በጭነት መኪና የመውረድ ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ሾፌሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ከአፋፉ ላይ ቆመው ፍሬን፣ ንፋስና ጎማ ካዩ በኋላ፣ ገና መውረድ ሳንጀምር ረዳታቸውን ማጠያየቅ ጀመሩ።

«ከዚህ ቀጥሎ ምን አለ?»

«ቀኝ ኩርባ ነው፣ ጋሼ። ከዚያ ውሃ የሚያቋርጠው።»

«ማርሹስ?»

«ሁለተኛ።»

«ወጪ ቢመጣብህ የት ትቆምለታለህ?»

ልጁ ትንሽ አሰበና ቦታውን በእጁ አሳየ። ሽማግሌው ምንም ሳይሉ ሞተሩን አስነሱ። እንደዚያ እያሉ እስከ ታች ድረስ፣ ገና ያልታየውን ኩርባ ሁሉ አስቀድመው ጠየቁት። በኋላ ሳስበው ያ ፈተና ከየትኛውም የጽሑፍ ፈተና የከበደ ነበር። የሚታየውን ሳይሆን ከኩርባው ጀርባ ያለውን ነውና የሚጠይቀው።

ምሥጢሩ ምንድን ነው? እስቲ በቁጥር እንየው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ነች። የተከዜ ድልድይ ያለበት ግን 1,000 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከነጭነቱ ሁለት መቶ ኩንታል የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል፣ ወደ 600 ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ትኩሳት የሆነ ቦታ መግባት አለበት። ሾፌሩ እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ ከወረደ የሚገባው የፍሬን ሸራው ውስጥ ነው። ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም መያዝ ያቆማል። እግሩ ፍሬኑን እየረገጠ መኪናው ግን እየፈጠነ ይሄዳል። «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የድሮ ሾፌሮች ሕግ ትርጉሙ ይኸው ነው። መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ እንጂ ፍሬኑ አይሁን፤ ማርሹም የሚያዘው ከአፋፉ ላይ እንጂ ቁልቁለቱ መሀል ተገብቶ አይደለም ማለት ነው። እንግዲህ አፋፉ የት እንደሆነ የማያውቅ ሾፌር ይህን ሕግ በቃሉ ቢወጣው ምን ይጠቅመዋል?

ሽቅብ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ደባርቅ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ ሰባ በመቶ ብቻ ነው። አሮጌ ናፍጣ ሞተር ያን ያህል አየር ያንሰዋልና ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ውሃም እዚያ ከፍታ ላይ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ራዲያተሩ ከዛሪማ ቆላ ጀምሮ ሲግል መጥቶ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ይፈላል። ውሃ የት እንደሚቀዳ ማወቅ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ጭኖ የሚወጣ መኪና ዳገት ላይ ከቆመ ዳግመኛ መነሳት ይቸግረዋልና፣ ወራጁ ለወጪው ቦታ ይለቃል። መኪና የተበላሸበት ሰው ከኩርባው ቀደም ብሎ ቅጠል ዘንጥፎ መንገዱ ላይ ይጥላል፤ ይህን ምልክት በየትኛውም መንገድ ላይ የሚያይ ሾፌር ወዲያው ያነበዋል።

የሊማሊሞ ፀባይ በወቅትም ይለያያል። የስሜን ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከመሬት ውስጥ ፈልቆ፣ በንብርብር የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በክረምት ውሃ በንብርብሩ መሀል ሲገባ ናዳ ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ጉም መኪናውን ከነመብራቱ ይውጠዋል። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ጉዞው ቀሏል። ግን አስፋልት ጉምን አያባርርም፤ ፍጥነት ይጨምራል እንጂ።

የጃናሞራው መገንጠያ

ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው መንገድ ፈተናው ሌላ ነው። በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ ብዋሂትን በ4,200 ሜትር ገደማ ላይ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ከተማ መካነ ብርሃን ይወርዳል። በአገራችን መኪና ከሚሄድባቸው እጅግ ከፍተኛ መንገዶች አንዱ ይህ ነው። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉ ስድሳ በመቶ ያህል ብቻ ነው። የራስ ደጀን ጫፍ እንኳ ከመንገዱ ብዙ አይርቅም። ገብስና በግ የጫነ አይሱዙ፣ ከላዩ ጋቢ የተከናነበ ሰው ይዞ በውርጭ ውስጥ ሲያቃስት ማየት የዚያ አገር የዘወትር ትዕይንት ሆኖ ኖሯል።

ግን መንገዱ የሚያልፈው በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ዋልያው በሚኖርበት መሀል የሚያልፈው ይኸው መንገድ ነበር። ከዝርዝሩ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከፓርኩ ውጭ የሚዞር ተለዋጭ መንገድ እንዲሠራ የተፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለጃናሞራ ገበሬ መንገዱ ሐኪምና ገበያ ነው፤ ለዋልያው ደግሞ ስጋት። በሁለቱ መሀል ያለው ሾፌር እንግዲህ ገደሉን ብቻ ሳይሆን፣ የማን አገር ውስጥ እንደሚሄድም ማወቅ ይጠበቅበታል።

ፈተናው ያልጠየቀው

ሊማሊሞ ብቻውን አይደለም። ዓባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን፣ ጣርማ በር፣ አላጌ፣ ከአላማጣ በላይ ያለው ግራ ካሕሱ፤ እነዚህን ሁሉ ያላለፈ ሰው በሾፌሮች ዘንድ ሾፌር አይባልም ነበር። ጂኦግራፊው ራሱም ይለዋወጣል። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ፣ የአሰብንና የምጽዋን መስመር በቃሉ ያወቀ ትውልድ ባንድ ጊዜ ፊቱን ወደ ጂቡቲ አዞረ። የሚሌንና የጋላፊን ሐሩር እንደ ጀማሪ አዲስ ተማረ።

በውጭ አገር ይህን የመሰለ ዕውቀት በመንግሥት ደረጃ ይከበራል። ለንደን ከ1865 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታክሲ ነጂዎቿን በከተማዋ ጎዳናዎች ዕውቀት ትፈትናለች። ከቻሪንግ ክሮስ ዙሪያ በስድስት ማይል ውስጥ ያሉትን 25,000 ገደማ ጎዳናዎች በቃሉ ያላወቀ ፈቃዱን አያገኝም። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዲያውም እነዚህ ሰዎች አቅጣጫንና ቦታን የሚያስታውሰው የአንጎላቸው ክፍል ከሌላው ሰው እንደሚበልጥ አሳይቷል። የእኛ ሾፌር አንጎል ቢለካ ምን ይገኝበት ይሆን?

እኛ ዘንድ ቀድሞ መንጃ ፈቃድ አምስት ደረጃ ነበረው። ተሳቢ ለመንዳት አምስተኛ ድረስ መውጣት ያስፈልግ ስለነበር፣ ደረጃው በተዘዋዋሪ የዓመታት ልምድ ያስቆጥር ነበር። በአዋጅ ቁጥር 600/2000፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ሥርዓቱ በተሽከርካሪ ዓይነት ተከፍሎ፣ ሥልጠናው ወደ ማሠልጠኛ ተቋም ገባ። ይህ መልካም ነው፤ ስድብና ጥፊ ያለበትን የረዳትነት ኑሮ መልሱልን የሚል የለም። ነገር ግን የረዳትነቱ ቅጣት ሲቀር ትምህርቱም አብሮ እንዳይቀር ማሰብ ነበረብን። ሜዳ ላይ በተተከለ እንጨት መሀል ወደ ኋላ መንዳት የተማረ ልጅ፣ ሊማሊሞን መጀመሪያ የሚያየው ጭኖ ሲወርደው ከሆነ አስተማሪው ገደሉ ነው ማለት ነው። ገደል ደግሞ ለተሳሳተ ተማሪ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጠው ከስንት አንዴ ነው።

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ይኸው መስመር የጦር ሜዳ ሆነ። በሰኔ ማብቂያ የተከዜው ድልድይ ፈረሰ፤ በዳባትና በደባርቅ ዙሪያ ብዙ ሰላማዊ ሰው አለቀ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የእርዳታ እህል የጫኑ መኪናዎች በዚህ በር እንደገና ወደ ሽሬ አለፉ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሳ። ስለዚህ «መንገዱ እንዴት ነው?» የሚለው የሾፌሮች ሰላምታ ዛሬ የሚጠይቀው ናዳውንና ጉሙን ብቻ አይደለም። ማን የት ቆሟል፣ የትኛው ኬላ ስንት ይጠይቃል፣ የት ሰው ይታገታል የሚለውንም ነው። ዕውቀቱ ዞሮ ወደ ነጋድራሱ ዘመን ተመልሷል ማለት ይቻላል።

መንገድ ሲዘጋ የሚቋረጠው ንግድ ብቻ አይደለም፤ ትምህርቱም ይቋረጣል። አሮጌው ሾፌር ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲሞት፣ የኩርባዎቹን ቅደም ተከተል፣ ውሃ መቅጃውን፣ ናዳ የሚለቀውን ቦታ ይዞ ይሄዳል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። የማሠልጠኛ ተቋማት ከባድ ጭነት የሚያሽከረክር ተማሪ ፈቃድ ከመያዙ በፊት ቢያንስ ከታላላቆቹ ቁልቁለቶች አንዱን ከነባር ሾፌር ጎን ተቀምጦ እንዲወርድ ያድርጉ። የመንገድ ባለሥልጣንም የእያንዳንዱን መስመር አፋፍ፣ ማርሽ መያዣ፣ መቆሚያና ውሃ የሚዘረዝር ትንሽ መጽሐፍ፣ ከነባሮቹ አፍ ለቅሞ ያትም። ለሊማሊሞው መጽሐፍ መረጃ ሰጪዎቹን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደባርቅ ላይ ቡና ቤት ገብቶ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የነዳ ማነው ብሎ መጠየቅ ይበቃል።